የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ

ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ይህን ለመጻፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት እሱ ያውቃል።

ደሴ በታጣቂዎች እጅ የገባችው ጥቅምት 2014 ሳያልቅ ነው። ባለቤቴ ለሥራ አዲስ አበባ ነበር። እኔና ልጆቼ ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈራችን ቀረን። መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ባንክ ዝግ። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ።

ትልቋ ልጄ ያኔ 11 ዓመቷ ነበር። ከ7 ዓመቷ ጀምሮ ስኳር አለባት። ኢንሱሊኗን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጥ ነበር። እንዲበቃ ብዬ ከመጠኑ እየቀነስኩ ወጋኋት። ኅዳር 9 ያችም አለቀች። መድኃኒት ቤቶቹ ተዘርፈዋል።

ኅዳር 11 ማታ፣ የሚካኤል ዋዜማ፣ ማስመለስ ጀመራት። ውሃ ውሃ ትላለች። ትጠጣለች፣ ያስመልሳታል። እኩለ ሌሊት ላይ አተነፋፈሷ ተለወጠ፤ ዳገት ሮጦ እንደወጣ ሰው በረጅሙ ትስባለች። አፏ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። በሽታዋ የታወቀ ዕለትም ሸቶኛል። ያኔ ግን ሐኪም ነበረ። ሩቅ ተኩስ ይሰማል። ብርሃን እንዳይታይ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ ኩራዟን ፊቷ ላይ ያዝኩ።

«እማዬ፣ ልሞት ነው?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ።

«እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልኩ በጣቴ ቆጠርኩ። 41 ሳልደርስ ተውኩት። ከሥዕለ አድኅኖው ፊት ቆሜ ጮኽኩ። «ለዚህ ነው የሰጠኸኝ? ደሴን ረስተሃታል!» አልኩት። ዳዊትም «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሏል፤ እሱ ግን ጸሎት ነበር። የእኔ ቁጣ ነው፣ አልደብቅም። ሥዕሉን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ይቅር ይበለኝ።

ሊነጋ ሲል በር ተንኳኳ። ልቤ ቀጥ አለ። ትንሹን አቅፌ አልጋው ሥር ልገባ ስል፣ «እኔ ነኝ ልጄ፣ ክፈችው» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ጎረቤታችን እማማ ናቸው። ለሱብሂ ሲነሱ ጩኸቴን በግድግዳው ሰምተዋል። ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ ወጡ። ሲመለሱ በሻርፓቸው ጫፍ ሁለት ብልቃጥ ቋጥረዋል። ባለቤታቸው ሐጂ ስኳር ነበረባቸው፤ ነሐሴ ላይ ነው ያረፉት። «መድኃኒት ይጣላል እንዴ? ሐራም ነው» ብለው ፍሪጅ ውስጥ አቆይተውታል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በላስቲክ አስረው እንስራ ውስጥ ከተቱት። አንደኛው ሬጉላር የሚባለው፣ ቶሎ የሚሠራው ኢንሱሊን ነው! ለእንዲያ ያለ ሰዓት የሚፈለገው እሱው ነው። እኔ ሥዕል ሳዞር፣ መልሱ ከግድግዳው ማዶ እንስራ ውስጥ ነበር።

ወጋኋት። ውሃ በማንኪያ በማንኪያ ሰጠናት። እማማ ግንባሯን ይዘው በራሳቸው ጸሎት ይጸልያሉ፣ እኔ «ከሌሊት ግርማ» የሚለውን እደጋግማለሁ። እማማዬ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ውለታዎን በምን እከፍላለሁ?

ኅዳር 27 ከተማዋ ነጻ ወጣች። ባለቤቴም ኢንሱሊን ይዞ ደረሰ። ልጄ ዛሬ ከእኔ ትረዝማለች።

ያን የሚካኤል ዕለት ወደ ቀትር ትንፋሿ ረግቶ ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ ያለችኝ፣ «እማዬ፣ ሥዕሉን ማን አዞረው?» ነው።

ተነሥቼ መለስኩት።