«ቲቸር፣ ጨርሻለሁ!»

ኮምቦልቻ ውስጥ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ክፍሌ 57 ልጆች አሉት። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። የክፍል ሥራ ሰጥቼ ጠመኔውን ገና ሳላስቀምጥ ከመስኮቱ በኩል አንድ እጅ ይወጣል፤ «ቲቸር፣ ጨርሻለሁ!»

ድሮ መልሴ አንድ ነበር። «ጎበዝ! በይ ከ11 እስከ 20 ያለውንም ሥሪ።»

ይህን ያስተወችኝ አምና ያስተማርኳት ልጅ ናት። ሒሳብ ላይ እሳት ናት። ኅዳር ላይ ግን ሥራዋ እየዘገየ መጣ። ዓይኗን አሟት ይሆን ብዬ ወደ ፊት አመጣኋት። አንድ ቀን ከኋላዋ ቆሜ አየሁ። አሥሩንም ጥያቄ ሠርታ ጨርሳለች። የደብተሯን ዳር በትናንሽ አበባዎች እየሞላች ነው። «ለምን አታሳይኝም?» ስላት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ከጨረስኩ ሌላ ይጨመርብኛል» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ቶሎ በመጨረሷ ስቀጣት ነው የከረምኩት።

ከዚያ ወዲህ የዕለት ዕቅዴ ላይ «ለቀደሙ» የሚል መስመር ጨመርኩ። እዚያ የምጽፈው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ብዙ መልስ ያለው፣ እኔን ሳይጠሩ የሚሠሩት፣ ደወል ቢያቋርጠው ነገ የሚቀጥል መሆን አለበት። ያለፈ ዓመት ካላንደር ቆራርጬ ጀርባው ላይ እጽፍና በብስኩት ካርቶን ከኋላ አስቀምጣለሁ። የጨረሰ ልጅ ተነስቶ አንድ ያወጣል።

መቀነስ በተማርንበት ቀን ካርዱ «መልሱ 24 የሚሆን ጥያቄ ፍጠሩ» ይል ነበር። ያቺው ልጅ እንዲህ ጻፈች፦ «እማየ ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዳ 30 እንቁላል ገዛች። መኪና ውስጥ 6 ተሰበረባት። ስንት ቀራት?» ከሥሩ ደግሞ፣ «እንዳትከስር የቀረውን አንዱን በስንት ትሽጥ?» ብላ ጨመረች። ይህችን እኔ አልጠየቅኋትም።

አማርኛ ላይ እንቆቅልሽን የሚያህል የለም። ከአያት የሰሙትን ይዘው ይመጣሉ፣ ሥራውን የጨረሰ የራሱን ይፈጥራል።

የጨረሰን ልጅ «የሚረብሹትን ስም መዝግብ» ማለት ግን ይቅር። ልጁን ከጓደኞቹ ያጣላዋል፣ ምንም አይማርበትም። ጎኑ ያለውን ቢያግዝ ደስ ይለኛል። መልሱን ግን አይነግረውም፤ «ከየት ጀመርክ?» ብሎ ይጠይቀዋል። እሱም ቢሆን በየቀኑ አይደለም። ልጁ የመጣው ሊማር ነው።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ቀስ ብሎ የሚጽፍ ልጅ ካርቶኑ ጋ መቼ ይደርሳል? ደስ የሚለው ጥያቄ ለፈጣኖች ብቻ ከሆነ አድልዎ ነው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን የመጨረሻውን 15 ደቂቃ ሁሉም በካርድ ይሠራል። ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ጠዋቱ ስለሚያጥር ሐሙስን መረጥኩ።

ባለፈው ሐሙስ ካርዱ «100 ብር በስንት ዓይነት መንገድ ይዘረዘራል?» የሚል ነበር። አንድ ልጅ አለ፣ ሰሌዳ ገልብጦ ሳይጨርስ የሚደወልበት። ከትምህርት በኋላ በአባቱ ሱቅ ይቆማል። አንገቱን ደፍቶ ሃምሳውን በአሥር፣ አሥሩን በአምስት ሲመነዝር ቀና እንኳ አላለም። ሲደወል 14ኛውን እየጻፈ ነበር።

«ቲቸር፣ አልጨረስኩም» አለኝ። «ቤት ልውሰደው?»