የሚሲዮን አብራሪ ኑሮ፦ ከአውሮፕላኑ በፊት ቤቱ

ለሚሲዮን በረራ፣ ማለትም መንገድ በሌላቸው ቦታዎች ለሚሲዮን ሥራ ሰውና ዕቃ ለማመላለስ፣ ውጭ አገር የሚሄድ አብራሪ የሚጨነቀው ብዙውን ጊዜ ስለ አውሮፕላኑ ነው። ሴስና 206 ወይም ካራቫን የሚባሉትን ትንንሽ አውሮፕላኖች ማብረሩን ግን ተምሮት ነው የሚሄደው፤ እዚያም አሠልጣኝ አብራሪ አጠገቡ ተቀምጦ አንድ በአንድ ማረፊያዎቹን ያለማምደዋል። ለቤት ኑሮ አሠልጣኝ የለም። ሌሊቱን ሙቀት እንቅልፍ የነሳው ወይም ሆዱ ሲያውከው ያደረ አብራሪ ጠዋት ድካሙን ይዞ ነው የሚነሳው፤ ረዳት አብራሪም የለውም።

ወረቀቱን ቶሎ እንለፈው። የያዛችሁትን የበረራ ፈቃድ ተቀባዩ አገር እስኪያጸድቀው ድረስ አትበሩም፤ ለማጽደቅ ደግሞ ፈቃዱን የሰጠው ባለሥልጣን ትክክለኛነቱን በቀጥታ እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል። ይህ የደብዳቤ ልውውጥ ስለሚጓተት ከመነሳታችሁ በፊት አስጀምሩት። የሎግቡካችሁን (የበረራ መዝገባችሁን) ዋናውን በእጅ ሻንጣ ያዙ። የንግድ አብራሪ የጤና ምስክር ወረቀት በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (አይካኦ) ደንብ ለ12 ወር ያገለግላል፤ ዕድሜው 40 ያለፈና ለንግድ በረራ መንገደኛ ብቻውን የሚያመላልስ አብራሪ ግን በየ6 ወሩ ማሳደስ አለበት። ሥልጣን ያለው ሐኪም ቅርብ ላይገኝ ስለሚችል ቀኑን ከእረፍት ጉዟችሁ ጋር አገጣጥሙት።

ቀኑን የሚመራው ሙቀት ነው። በ5,000 ጫማ ከፍታ ላይ ለበረራ ስሌት የሚወሰደው መደበኛ ሙቀት 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከሰዓት በኋላ 25 ቢደርስ የ20 ዲግሪ ልዩነት አለ፤ በየዲግሪው ወደ 120 ጫማ ሲታሰብ አውሮፕላኑ 7,400 ጫማ ላይ እንዳለ ሆኖ ይደክማል። መንደርደሪያው ግን አንድ ሜትር አልጨመረም። በሐሩር ተራራማ አካባቢ ደግሞ ደመናው ከቀትር በኋላ ይከመራል። ስለዚህ የመጀመሪያው በረራ ጎህ ሲቀድ ነው። ከዚያ በፊት ነዳጅ ይፈተሻል፣ ጭነት ይመዘናል፣ የአየሩ ሁኔታ በሬዲዮ ይጠየቃል፤ አብራሪው ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳቱ ነው። ስምንት ሰዓት ለመተኛት ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ላይ አልጋው ውስጥ መሆን አለበት።

ችግሩ፣ እንግዳ የሚመጣው ምሽት ነው። የጸሎት ስብሰባውም እንዲሁ። አዲስ ገቢ ቤተሰብ በይሉኝታ ሁሉንም ያስተናግድና በሁለተኛው ወር ይዝላል። የበረራ ቀናትን ለይቶ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ለጎረቤት ማሳወቅ ይሻላል፤ በረራ የሌለበት ዋዜማ ለእንግዳ ክፍት ይሁን። ሰው ምክንያቱን ካወቀ አይቀየምም፤ የሚያስቀይመው ተቀብሎ እያንቀላፉ መቀመጥ ነው።

ለእንቅልፍ ማራገቢያ፣ ለማራገቢያ መብራት ያስፈልጋል። ማራገቢያው፣ ጥቂት አምፖልና ሬዲዮው በአንድነት 100 ዋት ቢበሉ በ10 ሰዓት 1,000 ዋት-ሰዓት ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት 2,000 ያስፈልጋል፤ በ12 ቮልት ወደ 170 አምፒር-ሰዓት ይሆናል። የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚቀይረው ኢንቨርተር የሚያባክነውን ጨምራችሁ 200 ያዙ። የመኪና ባትሪ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ፤ ሰሌዳዎቹ ስስ ናቸው፣ በየሌሊቱ ሲራገፍ ቶሎ ይሞታል። የሚጨመርበትም የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ የቧንቧ ውሃ አይደለም።

የመጠጥ ውሃ ተንተክትኮ ከፈላ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ለወባ መከላከያ ሜፍሎኪን ለአብራሪ አይሆንም፤ ማዞርና የአእምሮ መረበሽ ሊያስከትል ይችላል። ዶክሲሳይክሊን የተሰጠው ሰው ቆዳው በፀሐይ ቶሎ ስለሚቃጠል ረጅም እጅጌ ይልበስ። የትኛውንም መድኃኒት ከበረራ ሐኪም ጋር ተማክራችሁ፣ መጀመሪያ መሬት ላይ እያላችሁ ሞክሩት።

ነዳጁም ሩቅ ማረፊያ ላይ የእናንተው ሥራ ነው። የሚመጣው በ200 ሊትር በርሜል ሲሆን አቭጋዝ (የፒስተን ሞተር አውሮፕላን ቤንዚን) ከሆነ ነዳጁ ብቻ 144 ኪሎ ይመዝናል። ቆሞ የሚቀመጥ በርሜል ክዳኑ ላይ ዝናብ ያቁራል፤ ሌሊት ውስጡ ሲቀዘቅዝና ሲኮማተር ውሃውን በክዳኑ ጥርስ በኩል ስቦ ያስገባዋል። ጠብቆ የታሰረ ክዳንም አያስተማምንም። ስለዚህ በጎኑ አስተኙት፤ ሁለቱ ክዳኖች ግራና ቀኝ፣ እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ። ከመቅዳታችሁ በፊት አቁማችሁ በአንድ በኩል ከሥሩ እንጨት ሸጉጡና አዘንብሉት፣ እስኪዘቅጥም ጊዜ ስጡት። የፓምፑን ቧንቧ ከፍ ባለው ወገን አስገቡ፤ ጫፉም ወለሉን አይንካ። ብልጭታ እንዳይፈጠር በርሜሉን፣ ፓምፑንና አውሮፕላኑን በሽቦ ሳታገናኙ መቅዳት አትጀምሩ። የተለመደው አቭጋዝ (100LL) ሰማያዊ ነው፤ የጄት ነዳጅ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ነው። ከተጠራጠራችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ ጣሉ፦ አቭጋዝ ተኖ ይጠፋል፣ የጄት ነዳጅ የቅባት ነጥብ ይተዋል። የጄት ነዳጅ የተሞላ የፒስተን ሞተር ቧንቧው ውስጥ በቀረው አቭጋዝ ይነሳል፣ መሬት ላይም ደህና ይመስላል፤ የሚከዳው ከመሬት ሲነሱ ነው።

ከአገሩ ቋንቋ መጀመሪያ ቁጥሮችን፣ ኪሎንና «ከፕሮፔለሩ ራቁ» ማለትን ያዙ። ቀጥሎ ለማረፊያው ጠባቂ የምታቀርቡትን ጥያቄ። «አየሩ እንዴት ነው?» ከተባለ መልሱ ሁልጊዜ «ጥሩ ነው» ነው፤ ሰው አውሮፕላኑ እንዲመጣ ይፈልጋል፣ በተለይ በሽተኛ ሲጠብቅ። የማዶው ተራራ ጫፍ ይታያል? ትናንት ስንት ሰዓት ላይ ዘነበ? ታችኛው ጫፍ ላይ ስትራመድ ተረከዝህ ይሰምጣል? አሁን መንደርደሪያው ላይ ከብት አለ? ብላችሁ ጠይቁት።