በጀሪካን የማይቀዳ ነዳጅ

ዴልሂ ለትምህርት በሄድኩ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የተሳፈርኩበት ባጃጅ መንገድ ላይ ማደያ ገባ። ሹፌሩ ዞር ብሎ በእጁ "ውረድ" አለኝ። ለምን ብዬ ልጠይቀው ስል ከኋላችን ከተሰለፉት ባጃጆችም ሰዎች ቦርሳቸውን እያንጠለጠሉ እየወረዱ ወደ ጥግ ሲሄዱ አየሁ። ደንቡ ነው። ጋዝ ሲሞላ ተሳፋሪ ውስጥ አይቀመጥም።

ቀጂው ቱቦውን ሰካው። አየር የሚያፏጭ ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ግፊቱ 200 ባር አካባቢ ሲደርስ ቆመ። የቤት መኪና ጎማ 2 ባር ገደማ ነው የሚነፋው፣ እንግዲህ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት የዚያን መቶ እጥፍ ያህላል ማለት ነው። ሂሳቡም በሊትር ሳይሆን በኪሎ ነበር። ሁለት ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ወጣን። የቤንዚን ሽታ የለም፣ መሬት ላይ የተንጠባጠበ ነገር የለም።

ይሄ ሲኤንጂ የሚሉት የተጨመቀ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። እኛ ሀገር ስለሱ ሳወራ ሰው ቶሎ የሚያስበው የቡታ ጋዝ ሲሊንደርን ነው፣ ፍርሃቱም ከዚያ ይመጣል። ሁለቱ ግን ይለያያሉ። ቡታ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል፣ ጥግ ይዞ እሳት ይጠብቃል። የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው። ከአየር ስለሚቀል ሜዳ ላይ ካፈተለከ ወደ ላይ ሽቅብ ይበተናል። በራሱ ለመቀጣጠልም ከቤንዚን በጣም የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። አደጋ የለውም እያልኩ አይደለም። 200 ባር ቀልድ አይደለም፣ ለዚህም ነው ህንድ ውስጥ ሲሊንደሩ በየ3 ዓመቱ እንዲፈተሽ የሚገደደው።

እኔን ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ ሌላ ነገር ነው። ይሄ ነዳጅ በጀሪካን አይቀዳም። በሃይላንድ ተሞልቶ መንገድ ዳር አይሸጥም። ነጭ ጋዝ አይቀላቀልበትም። ማታ ከቆመ መኪና በጎማ ቱቦ ተስቦ አይሰረቅም። ማደያው ደርቆ መንገድ ዳር ግን በእጥፍ ዋጋ ቤንዚን ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ዴልሂም በቀላሉ አልደረሰችበትም። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 የከተማዋ አውቶቡሶች በሙሉ ወደ ጋዝ ይቀየሩ ብሎ አዘዘ። ቀኑ ደርሶ አልፎ ብዙዎቹ አልተቀየሩም። ማደያው ጥቂት፣ ሰልፉ ረጅም፣ ባለንብረቱ ደግሞ ተማራሪ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን አልተመለሰም፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በናፍጣ በሚሄድ በእያንዳንዱ አውቶቡስ ላይ በቀን 500 ሩፒ ቅጣት ጣለ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የናፍጣ የከተማ አውቶቡስ ከመንገድ ወጣ። እኔ ስደርስ ያ ሁሉ ክርክር ድሮ አልቆ፣ አረንጓዴና ቢጫ ባጃጅ የከተማዋ መልክ ሆኖ ነበር።

የዴልሂ አየር ዛሬ ንጹህ ነው ወይ? አይደለም። የብርድ ወራቸው ሲገባ ሰማዩ አመድ ይመስላል። መኪናው በዝቷል፣ በዙሪያዋ ያሉ ገበሬዎች የሰብል ገለባ ያቃጥላሉ፣ አቧራውም አለ። ነገር ግን ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ሲነሳ ፊትህ ላይ ጥቁር ጭስ አይለቅብህም። እኔ ልዩነቱን ያወቅኩት አዲስ አበባ ስመለስ ነው። ከታናሽ እህቴ ጋር ታክሲ እየጠበቅን አንድ የጫነ አይሱዙ ዳገቱን ሲያያዘው የለቀቀው ጥቀርሻ ሸፈነን። እህቴ አስም አለባት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፣ እስኪያልፍ። ያ ጥቀርሻ ከናፍጣ ነው የሚመጣው፤ ጋዝ ሲነድ ከሞላ ጎደል ጥቀርሻ የለውም፣ ለተመሳሳይ ጉልበት የሚለቀው ካርቦንም ከቤንዚን በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል።

ጉድለቱን ልናገር። ሲሊንደሩ ቦታ ይይዛል፣ የቤት መኪና ላይ የሻንጣ ማስቀመጫውን ይበላዋል። አንዴ ተሞልቶ የሚያስኬደውም ከቤንዚን ያጠረ ነው። ሚቴን ሳይነድ ካፈተለከ ደግሞ አየር ንብረት ላይ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የከፋ ጉዳት ስለሚያደርስ ቧንቧው ልቅ ከሆነ ጥቅሙ ይጠፋል። ስለዚህ ለቤት መኪና እኔም ኤሌክትሪክ ይሻላል ባይ ነኝ። ኢትዮጵያ መብራቷ ከውሃ የሚመጣ ሀገር ናት፣ ቤንዚንና ናፍጣ የቤት መኪና ማስገባትም ተከልክሏል።

ጭንቀቴ ከባዱ መኪና ነው። ከጅቡቲ ጭኖ የሚመጣው ተሳቢ በባትሪ ቶሎ የሚተካ አይመስለኝም። የሚያቃጥለው ናፍጣ ደግሞ በዶላር የተገዛ ነው። ሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ ያለው ጋዝ ከተገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ በመስከረም 2018 የጋዝ ማምረቻው የመጀመሪያ ምዕራፍ ሲመረቅ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። እዚያ ጋዙ እስከ 162 ዲግሪ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በልዩ ቦቴ ይጓዛል፣ ቧንቧ መዘርጋት አይጠበቅም፣ የደረሰበት ማደያ ላይ ተመልሶ ጋዝ ሆኖ ይሞላል። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያዎቹን ማደያዎች አዲስ አበባ ውስጥ አላደርጋቸውም፤ አዳማ፣ አዋሽና ሚሌ ላይ ነው፣ ሹፌሩ ምሳ በሚበላበት ቦታ።