የፖቶማክን ወንዝ የሚሻገር መኪና፦ የቨርጂኒያ፣ የሜሪላንድና የዋሽንግተን ዲሲ የተሽከርካሪ ምርመራ

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ቤቱ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሥራው ዲሲ፣ ዘመዶቹ ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአንድ ቀን ሦስት አስተዳደሮችን በመኪና ማቋረጥ ለአብዛኞቻችን የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። ሦስቱ ባለሥልጣናት ግን ያንኑ አንድ መኪና የሚመረምሩት በእጅጉ በተለያየ መንገድ ነው። ያገለገለ መኪና በምንገዛዛበት ጊዜ ሻጩ «ኢንስፔክሽን አልፏል» ሲል ገዢው የትኛውን ምርመራ፣ የትና መቼ እንዳለፈ ሳይጠይቅ ገንዘቡን እንደሚከፍል ደጋግሜ ስላየሁ፣ ልዩነቱን በዝርዝር ማስቀመጥ አስፈላጊ ሆኖ ታይቶኛል። (ዓመታቱ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ከሁሉ በፊት ሁለቱን ምርመራዎች መለየት ያስፈልጋል። የደኅንነት ምርመራ ፍሬኑን፣ መሪውን፣ ጎማውን፣ መብራቱን፣ ክላክሱንና የፊት መስታወቱን ያያል። የጭስ ምርመራ የሚያየው ሞተሩ የሚያወጣውን ብክለት ብቻ ነው። ፍሬኑ ያለቀ መኪና የጭስ ምርመራን ያለ አንዳች ችግር ሊያልፍ ይችላል፤ ምክንያቱም ፍሬኑን የሚያይለት ሰው የለም።

ቨርጂኒያ ከ1932 ጀምሮ የደኅንነት ምርመራ ስታካሂድ ቆይታለች። ዛሬም ማንኛውም የግል መኪና በየዓመቱ መመርመር አለበት። ሥራውን የሚሠሩት የግል ጋራዦች ቢሆኑም ለጋራዡም ሆነ ለመርማሪው ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠራቸው የግዛቱ ፖሊስ ነው። ክፍያው በሕግ የተወሰነ ሲሆን ለተራ የቤት መኪና 20 ዶላር ነው። መርማሪው መኪናውን ከውጭ አይቶ ብቻ አያሳልፍም፤ ፍሬኑን ለማየት ቢያንስ አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ መፍታት ይጠበቅበታል። የጎማው ጥርስም ጥልቀቱ ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሚሆነው ዝቅተኛ ልክ በታች ከወረደ መኪናው አያልፍም። ያላለፈ መኪና መውደቁን የሚያሳይ ምልክት ይለጠፍበትና 15 ቀን ይሰጠዋል፤ ባለቤቱ ጥገናውን በፈለገበት ጋራዥ አሠርቶ ወደ መጀመሪያው ጣቢያ ከተመለሰ ለድጋሚ ምርመራው የሚጠየቀው 1 ዶላር ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ መኪናው የወደቀበት ጋራዥ ያቀረበለትን የጥገና ዋጋ ሁሉ የመቀበል ግዴታ ያለበት ይመስለዋል። መርማሪውና ጠጋኙ አንድ ሰው መሆኑ ለጥቅም ግጭት በር ይከፍታል የሚለው ትችት መሠረት አለው፤ መፍትሔው ግን ባለቤቱ መብቱን ማወቁ እንጂ ምርመራው መቅረቱ አይመስለኝም። በ2019 መጨረሻ የወቅቱ አገረ ገዥ ራልፍ ኖርተም የደኅንነት ምርመራው እንዲቀር ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ የግዛቱ ምክር ቤት ግን አልተቀበለውም።

ሜሪላንድ ሌላ መንገድ መርጣለች። በዚያ የደኅንነት ምርመራ የሚጠየቀው በመሠረቱ ያገለገለ መኪና ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላ ሲተላለፍ፣ ወይም ከሌላ ግዛት መጥቶ ሲመዘገብ ነው። የምርመራው የምስክር ወረቀት የሚያገለግለውም 90 ቀን ብቻ ነው። ከዚህ የሚከተለውን ነገር ልብ በሉ፦ አንድ ሰው አዲስ መኪና ከሻጭ ኩባንያ ገዝቶ አሥራ አምስት ዓመት ቢነዳው፣ ፖሊስ ጉድለት አይቶ የጥገና ትእዛዝ ካልጻፈበት በስተቀር ፍሬኑን ወይም መሪውን እንዲያስመረምር የሚያስገድደው ደንብ የለም። በዚህ ሁሉ ጊዜ የጭስ ምርመራውን በየሁለት ዓመቱ ሲያልፍ ሊኖር ይችላል፤ ይህ ምርመራ በ13 ካውንቲዎችና በባልቲሞር ከተማ ግዴታ ነውና።

ዲሲ ደግሞ ለግል መኪናዎች የደኅንነት ምርመራን ከጥቅምት (ኦክቶበር) 1 ቀን 2009 ጀምሮ አስቀርታለች። ታክሲዎችና ሌሎች የንግድ ተሽከርካሪዎች ግን ከግዴታው አልወጡም። ሳይቀር የቆየው የጭስ ምርመራ በየሁለት ዓመቱ በደቡብ ምዕራብ ዲሲ፣ ሃፍ ስትሪት ላይ በሚገኘው የመንግሥት ጣቢያ ይካሄዳል።

የጭስ ምርመራ በሦስቱም ቦታ የኖረበት ምክንያት የፌዴራል ሕግ ነው። በ1990 የተሻሻለው የንጹሕ አየር ሕግ የኦዞን ብክለት ያለባቸው ትልልቅ ከተሞች ተሽከርካሪዎችን እንዲመረምሩ ያስገድዳል። ስለዚህ ግዴታው የአንድን ግዛት ድንበር ሳይሆን የአየሩን ሁኔታ ይከተላል፤ አርሊንግተንና ፌርፋክስ የሚመዘገብ መኪና በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ሲጠየቅ፣ በዚያው በቨርጂኒያ ሪችመንድ የሚመዘገበው አይጠየቅም። የደኅንነት ምርመራን ግን የፌዴራል መንግሥት ለየግዛቱ ውሳኔ ትቶታል። ቴክሳስ በ2025 መጀመሪያ ለግል መኪናዎች የደኅንነት ምርመራን አስቀርታ በዳላስና በሂውስተን አካባቢ የጭሱን አስቀጥላለች፤ ዋሽንግተን ግዛት ደግሞ የጭሱን ምርመራ በ2020 መጀመሪያ ስላቆመች የሲያትል ወገኖቻችን ለግል መኪናቸው ከሁለቱም አንዱን አይጠየቁም።

የጭስ ምርመራው አሠራር ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከ1996 ወዲህ በተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ምርመራው በአብዛኛው የሚደረገው ከመሪው በታች ባለው መሰኪያ የመኪናውን ኮምፒውተር በማንበብ ነው። የቼክ ኢንጂን መብራት የበራበት መኪና ይወድቃል። መብራቱን ለማጥፋት በምርመራው ዋዜማ ባትሪ መንቀል ወይም ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ ማጥፋት አይጠቅምም፤ ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻዎች ገና እንዳልጨረሰ ራሱ ስለሚናገር መኪናው «ዝግጁ አይደለም» ተብሎ ይመለሳል። ፍተሻዎቹ እስኪጠናቀቁ ድረስ መኪናውን ለጥቂት ቀናት በከተማም በአውራ ጎዳናም መንዳት ያስፈልጋል። መብራቱ የበራው በደንብ ባልተዘጋ የነዳጅ ክዳን ምክንያት ሊሆንም ስለሚችል ወደ ጋራዥ ከመሄድ በፊት እርሱን ማየት ይገባል።

የደኅንነት ምርመራ አደጋን ይቀንሳል ወይ የሚለው ጥያቄ እስካሁን ያከራክራል። የአሜሪካ ኮንግረስ የተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት በ2015 ባወጣው ሪፖርት የግዛት ኃላፊዎች ምርመራው አደገኛ መኪኖችን ከመንገድ እንደሚያስወጣ እንደሚያምኑ፣ ጥናቶች ግን በምርመራውና በአደጋ ቁጥር መካከል ያለውን ግንኙነት በግልጽ ማረጋገጥ እንዳልቻሉ አስፍሯል። እኔ ከቨርጂኒያ ጎን ነኝ። አብዛኛው አደጋ የአሽከርካሪ ስሕተት መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ ሁለት ሥራ እየሠራ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ጎማውንና ፍሬኑን በራሱ ተነሣሽነት የሚያስመረምርበት ጊዜም ሆነ ትርፍ ገንዘብ እምብዛም የለውም፤ በዓመት አንድ ጊዜ 20 ዶላር አስከፍሎ ጎማ የሚያስፈታ ሕግ ይህን ሰው ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

የኛ ማኅበረሰብ በዚህ ጉዳይ የበለጠ ሊጠነቀቅ የሚገባው ከአገር ቤት ይዞት በመጣው ልማድ ምክንያትም ነው። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል፤ ያላለፈ መኪና ቦሎ አይታደስለትም። መኪናው ቦሎ ካለው መንግሥት አይቶታል ማለት ነው ብሎ ያደገ ሰው፣ ሜሪላንድ ወይም ዲሲ ሲገባ የታደሰ ምዝገባን እንደዚያው ይቆጥረዋል። የታደሰው ምዝገባ ግን ስለ ፍሬኑ የሚናገረው ነገር የለም።

ስለዚህ መኪና የምትገዙት ከቨርጂኒያ ከሆነ መስታወቱ ላይ ያለውን የደኅንነት ምልክት ወርና ዓመት ተመልከቱ። ገዢው የሜሪላንድ ነዋሪ ከሆነ የምስክር ወረቀቱ ለምዝገባ የማይቀር ስለሆነ፣ ሻጩ ከክፍያ በፊት እንዲያወጣው ወይም መኪናው ከወደቀ የጥገናው ወጪ የማን እንደሚሆን በጽሑፍ ተስማሙ። ዲሲ ውስጥ ከግለሰብ ለሚገዛ የዲሲ ነዋሪ ግን የመኪናውን ደኅንነት የሚመረምርለት መሥሪያ ቤት ስለሌለ፣ ከሻጩ ጋር ግንኙነት የሌለው መካኒክ ጎማውን ፈትቶ እንዲያይለት ከኪሱ መክፈል ይኖርበታል።