በዲሲ አካባቢ 7 እና 9 ለምን አይመጡም? ስለ ቤት አንቴና አመራረጥና አቀማመጥ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ለኬብል ቴሌቪዥን በየወሩ የሚከፍሉት በዋናነት ምን ለማየት እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ የአካባቢ ዜና፣ የአየር ትንበያ፣ ኦሎምፒክ ሲመጣ ሩጫውን፣ ለልጆች ደግሞ የሚያስተምር ፕሮግራም እንደሆነ ይነግሩኛል። ከእነዚህ አብዛኞቹ የሚተላለፉት በጣቢያ 4፣ 5፣ 7፣ 9 እና 26 ሲሆን፣ አምስቱም ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲቀበላቸው ሌት ተቀን በአየር ላይ ይሰራጫሉ። የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ የሚገዛ አንቴና ብቻ ነው። ይሁንና አንቴና ገዝተው ከሞከሩት መካከል ብዙዎቹ «4 እና 5 ጥርት ብለው ይመጣሉ፣ 7 እና 9 ግን የሉም» ብለው ወደ ኬብሉ ሲመለሱ አያለሁ። ይህን የምጽፈው በተለይ ለእነርሱ ነው፤ ምክንያቱም ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በአንቴናው ዓይነትና በተቀመጠበት ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ምክንያቱን ለተረዳ ሰው መፍትሔው ከባድ አይደለም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልለይ። አገር ቤት ዲሽ ሲስተካከል ያየ ሰው አንቴናንም በዚያው መንገድ ማሰቡ አይቀርም፤ ሁለቱ ግን የሚሠሩት በተለያየ መንገድ ነው። ዲሽ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደሚገኝ ሳተላይት ስለሚያነጣጥር፣ ሰማዩ እስካልተጋረደበት ድረስ መሬት ላይ ቢተከልም ይሠራል። የቤት አንቴና ግን የሚፈልገው እዚሁ ከተማ ውስጥ ከቆመ የማሰራጫ ማማ በአድማስ በኩል የሚመጣ ሞገድ ስለሆነ፣ ከፍታ፣ ግድግዳ፣ ኮረብታና የጎረቤት ሕንፃ ሁሉ ይነኩታል። ኢቢኤስን ወይም ፋናን ለማየት የምትፈልጉም እንደ ቀድሞው በሳተላይት ወይም በኢንተርኔት መጠቀም ይኖርባችኋል፤ አንቴናው የሚሰጠው የአሜሪካ የአካባቢ ጣቢያዎችን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በቴሌቪዥናችን ላይ የምናየው የጣቢያ ቁጥርና ጣቢያው በእርግጥ የሚሰራጭበት የሞገድ ቁጥር ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ጣቢያዎች የአናሎግ ስርጭታቸውን በፈረንጆች ሰኔ 12 ቀን 2009 አቋርጠው ሙሉ በሙሉ ወደ ዲጂታል ሲዛወሩ፣ ሕዝቡ የለመደው ቁጥር እንዳይጠፋ ቴሌቪዥኑ የድሮውን ቁጥር እንዲያሳይ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ደግሞ መንግሥት የቴሌቪዥን ሞገዶችን ከፊል ለሞባይል ስልክ ኩባንያዎች በጨረታ ስለሸጠ፣ ከ38 ጀምሮ ወደ ላይ ያሉት ቻናሎች ተለቅቀው ብዙ ጣቢያዎች እስከ 2020 ድረስ ወደ ዝቅተኛ ቁጥሮች ተዛውረዋል። በዚህም ምክንያት ዛሬ በዲሲ ጣቢያ 4 በእርግጥ የሚሰራጨው በቻናል 34፣ ጣቢያ 5 በቻናል 36፣ ጣቢያ 26 ደግሞ በቻናል 31 ሲሆን፣ ሦስቱም ዩኤችኤፍ በሚባለው ከ470 እስከ 608 ሜጋኸርዝ በሚደርሰው ክልል ውስጥ ናቸው። ጣቢያ 7 እና ጣቢያ 9 ግን ከዲጂታሉ ሽግግር ወዲህ በስማቸው ቁጥር ላይ ስለቆዩ፣ አሁንም የሚሰራጩት ቪኤችኤፍ በሚባለው ክልል ላይኛው ክፍል፣ ማለትም ከ174 እስከ 216 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ ነው።

ልዩነቱ በሜትር ሲለካ ግልጽ ይሆናል። የቻናል 7 ሞገድ አንድ ሜትር ከ70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ስላለው፣ በደንብ የሚቀበለው አንቴና የዚያን ግማሽ፣ ማለትም ከ80 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ርዝመት ያስፈልገዋል። የዩኤችኤፍ ሞገድ ግማሽ ግን ከ25 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ዛሬ በየመደብሩ በብዛት የሚሸጠውን፣ እንደ ወረቀት ስስና ጠፍጣፋ የሆነውን፣ መስኮት ላይ የሚለጠፈውን አንቴና ብትለኩት ወርዱ በአብዛኛው 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ለ4፣ ለ5 እና ለ26 ልክ የሆነው ይህ መጠን ለ7 እና ለ9 በጣም ያጥራል። ማማው ቅርብ ከሆነና ግድግዳው ካልከለከለ እነርሱንም ሊያመጣ ይችላል፤ ራቅ ሲል ግን መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ስለዚህ በእኛ አካባቢ አንቴና የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ ማረጋገጥ ያለበት አንቴናው ላይኛውን ቪኤችኤፍ ጭምር በእርግጥ ለመቀበል መሠራቱን ነው። በሳጥኑ ላይ መጻፉ ብቻ አይበቃም። በቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ሁለት የሚመዘዙ ረጃጅም ዘንጎች ያሉት፣ በውጭ ለሚሰቀል ደግሞ ከጀርባው አንድ ሜትር ያህል ወርድ ያላቸው ረጃጅም ክንዶች ያሉት መሆኑን በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

በሳጥኑ ላይ በትልልቅ ፊደላት የሚጻፉት ሌሎች ነገሮች ገዢውን እንዳያሳስቱ እሰጋለሁ። «250 ማይል ይደርሳል» የሚል አንቴና እውነት ሊሆን አይችልም፤ የምድር ክብነት ራሱ ሞገዱን ስለሚጋርደው ከረጅም ማማ እንኳ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 ወይም ከ70 ማይል በላይ በአስተማማኝ ሁኔታ አይቀበሉትም። «ፎርኬ አንቴና» የሚባልም ነገር የለም፤ አንቴና ሞገድ ይቀበላል እንጂ በውስጡ ያለው ምስል ጥራቱ ስንት እንደሆነ አያውቅም። ከሃያ እና ከሠላሳ ዓመት በፊት የተሠራ ጥሩ የጣራ አንቴናም ዛሬ ዲጂታሉን ይቀበላል።

ከመግዛት በፊት ደግሞ አድራሻን ይዞ ካርታ ማየት ይገባል። ኤፍሲሲ የተባለው የፌዴራል የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በድረ ገጹ ላይ በነጻ የሚሰጠው የዲጂታል ቴሌቪዥን ካርታ አለ፤ አድራሻችሁን ስታስገቡ በቤታችሁ የሚያዙትን ጣቢያዎች እንደ ጥንካሬያቸው በቀለም ይለያል፤ የጣቢያውን ስም ስትነኩትም እውነተኛውን የሞገድ ቁጥርና ማማው ያለበትን አቅጣጫ ያሳያል። የዲሲ ዋና ዋና ማማዎች አብዛኞቹ በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ፣ ቴንሊታውን በሚባለው ከፍ ያለ ቦታ አካባቢ ይገኛሉ። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር ሰው አቅጣጫው ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ አሌክሳንድሪያ ለሚኖር ወደ ሰሜን፣ ስተርሊንግና አሽበርን ለሚኖር ደግሞ ወደ ምሥራቅ ነው። ሎሬልና ኮሎምቢያ ያሉ ወገኖች በዲሲና በባልቲሞር መካከል ስለሆኑ የሁለቱንም ከተሞች ጣቢያዎች ማግኘት ይችሉ ይሆናል፤ ማማዎቹ ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚገኙ፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያይ አንቴና አንዱን ከተማ ሲይዝ ሌላውን ይለቃል።

አቅጣጫው ከታወቀ በኋላ የሚቀረው አቀማመጡ ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ በሦስተኛ ፎቅ የምትኖር አንዲት አክስቴ ቤት የሠራነውን ብነግራችሁ ነገሩ ይበልጥ ይገባችኋል። የሳሎኗ መስኮት ወደ ደቡብ፣ ወደ መኪና ማቆሚያው የሚያይ ሲሆን፣ ጠፍጣፋው አንቴና ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተለጥፎ 4፣ 5 እና 26ን ብቻ ያመጣ ነበር። እኛ ግን ማማዎቹን የምንፈልጋቸው በሰሜን ነበር። ዘንግ ያለው አንቴና አመጣንና በረጅም ኬብል አያይዘን ወደ ሰሜን በሚያየው የኩሽና መስኮት በኩል ወሰድነው። ብዙ ሰው እነዚህን ዘንጎች ወደ ላይ ያቆማቸዋል፤ የቴሌቪዥን ሞገድ በአብዛኛው በአግድም ስለሚሰራጭ ግን ለ7 እና ለ9 ዘንጎቹ እያንዳንዳቸው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ተመዝዘው ግራና ቀኝ በአግድም መዘርጋት፣ ሰፊው ጎናቸውም ወደ ማማው መዞር አለበት። እንዲህ ሲደረግ 9 ወዲያው መጣ፤ 7 ግን እየመጣ ይቆራረጥ ነበር።

በቴሌቪዥኑ ቅንብር ውስጥ የሲግናሉን ጥንካሬ የሚያሳየውን ገጽ ከፍቼ ሳይ፣ ቁጥሩ ከአንቴናው ጋር ሳይሆን ከኩሽናው መብራት ጋር አብሮ ይወጣና ይወርድ ነበር። ከቁም ሳጥኑ ሥር የተገጠመው የኤልኢዲ መብራት ሲበራ ሲግናሉ ይወርዳል፤ ሲጠፋ ይነሳል። ርካሽ የኤልኢዲ መብራቶች፣ የስልክ ቻርጀሮችና የኢንተርኔት ሳጥኖች የሚያወጡት የኤሌክትሪክ ጫጫታ ከዩኤችኤፍ ይልቅ ቪኤችኤፍን ስለሚረብሽ፣ አንቴናውን ከመብራቱ አንድ ሜትር ያህል አርቄ ወደ መስኮቱ ሌላ ጥግ ወሰድኩት። አክስቴ ሳሎን ሆና፣ «ልጄ፣ ሰባት መጣ፤ በቃ አትንካው!» አለችኝ። ኬብሉን በግድግዳው ግርጌ አስይዘን አሳለፍነው፤ ዛሬም እዚያው ነው።

ከዚህ የምመክረው ነገር ቢኖር፣ ቦታው እስኪገኝ ድረስ ምንም ነገር በምስማር አትምቱ፤ በወረቀት ፕላስተር እየያዛችሁ ሞክሩ። ዲጂታል ስርጭት እንደ ድሮው አናሎግ በበረዶ መሰል ነጠብጣብ ተሸፍኖም ቢሆን አይታይም፤ የተወሰነ መጠን እስከደረሰ ድረስ ጥርት ብሎ ይመጣል፤ ከዚያ በታች ሲወርድ በድንገት ይቆማል። ስለዚህ በተለይ ደካማ ለሆኑት ጣቢያዎች የሚበቃ ትርፍ ሲግናል ያለበትን ቦታ ፈልጉ፤ ሰው በክፍሉ ሲያልፍ፣ ዛፎች ቅጠል ሲያወጡ፣ ዝናብ ሲዘንብ የሚቀንሰውን የሚችለው ያ ትርፍ ነው። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወዲህ ወዲያ ማለት ብዙ ሊለውጥ ይችላል፤ ከሕንፃዎች ተንጸባርቆ የሚመጣው ሞገድ ከዋናው ጋር እየተጋጨ አንዱን ቦታ ያበላሻል፣ ሌላውን ያሻሽላል። ሙቀት እንዳያልፍ በስስ ብረት የተቀባ ዘመናዊ የመስኮት መስታወትና ከጀርባው ፎይል ያለው የግድግዳ መሸፈኛ ሞገድን በጣም ይከለክላሉ፤ እንዲህ ባለ ቤት መስኮቱ ከተራ ግድግዳ የባሰ ሊሆን ይችላል።

ሲግናሉ ሲያንስ ብዙ ሰው ቶሎ የሚሮጠው ወደ ማጉያ ነው። ማጉያ ግን አንቴናው ያልያዘውን ነገር መፍጠር አይችልም፤ የደረሰውን ሁሉ፣ ጫጫታውንም ጭምር፣ ያጎላል። ለማማው ቅርብ የሆኑ፣ ለምሳሌ ሲልቨር ስፕሪንግና ቤተስዳ ያሉ ቤቶች ላይ ደግሞ ጠንካራው ሲግናል ማጉያውን አጨናንቆ ይመጡ የነበሩትን ጣቢያዎች ጭምር ሊያጠፋ ይችላል። ማጉያ የሚጠቅመው ኬብሉ ረጅም ሲሆን ወይም አንድ አንቴና ለብዙ ቴሌቪዥን ሲከፈል ነው፤ ለሁለት የሚከፍል ስፕሊተር ለእያንዳንዱ ቴሌቪዥን የሚያደርሰው ከኃይሉ ግማሽ ያነሰ ነውና። ኬብሉም አርጂ-6 የሚባለው ወፍራም ዓይነት ቢሆን ይሻላል።

ተከራዮች «አከራዩ አይፈቅድም» ሲሉ ስለምሰማ ይህንም ልጨምር። ኤፍሲሲ በ1996 ያወጣውና ኋላም ተከራዮችን እንዲጨምር ያሰፋው ደንብ፣ ተከራይ ብቻውን በሚጠቀምበት ቦታ፣ ለምሳሌ በራሱ በረንዳ ላይ፣ የአካባቢ ቴሌቪዥን መቀበያ አንቴና ማስቀመጥን አከራይ በጥቅሉ እንዳይከለክል ያደርጋል። የጋራ ጣራና የውጭ ግድግዳ ግን አይካተቱም፤ አንቴናውም ከበረንዳው አጥር አልፎ መውጣት የለበትም። ግድግዳ ሳይበሱ ኬብሉን ለማስገባት በበር ሥር የሚያልፍ ጠፍጣፋ የኬብል ቁራጭ ይሸጣል።

የራሳቸው ቤት ያላቸው ሰዎች ግን ቢችሉ ጣራ ላይ፣ ካልሆነም ጣሪያው ሥር ባለው ባዶ ቦታ ቢሰቅሉት ከማንኛውም የቤት ውስጥ አንቴና የተሻለ ያገኛሉ። ጣሪያው ሥር ያለው ዝናብና ንፋስ አያገኘውም፤ ሲግናሉ ግን በጣሪያው ክዳን ሲያልፍ ይቀንሳል፤ ክዳኑ ቆርቆሮ ከሆነ ጨርሶ አይሠራም። ጣራ ላይ የሚተከል ከሆነ ምሰሶውና ኬብሉ በወፍራም የመዳብ ሽቦ ከቤቱ የኤሌክትሪክ መሬት ጋር መያያዝ አለባቸው፤ ይህ የመብረቅ አደጋን የሚመለከት ስለሆነ በባለሙያ እንዲሠራ አጥብቄ አሳስባለሁ።

አዲሱ ኔክስትጄን የሚባለው ስርጭት ያለንን አንቴና ከንቱ ያደርገው እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። አያደርገውም። እርሱም የሚመጣው በእነዚሁ ሞገዶች ስለሆነ አንቴናው ያው ነው፤ የሚለየው በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መቀበያ ነው። የነባሩ ስርጭት መቀበያ ከ2007 ወዲህ በተሸጡ ቴሌቪዥኖች ሁሉ ውስጥ ማለት ይቻላል ይገኛል፤ ሞኒተር ብቻ ሆነው የሚሸጡት ግን ስለሌላቸው ከጀርባቸው የአንቴና ቀዳዳ መኖሩን አረጋግጡ። አንቴናውን ባንቀሳቀሳችሁ ቁጥር፣ አልፎ አልፎም ሳታንቀሳቅሱት፣ የቻናል ፍለጋውን በቴሌቪዥኑ ላይ እንደገና አስጀምሩ፤ አንድ ጣቢያ የሞገድ ቁጥሩን ቢቀይር ቴሌቪዥኑ አዲሱን ቦታ የሚያገኘው በዚያ ብቻ ነው።