ዘይቱን ማን ጠጣው?

ሞተሯን ከአጎቴ ዶሮ ቤት ስናወጣት መቀመጫዋ ላይ እንቁላል አገኘን። ቀልድ አይደለም። አጎቴ ድሮ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ንብረት ሲያስወግድ በጨረታ ገዛት፣ እስክትቆም ነዳት፣ ከዚያ ወዲያ ሃያ ዓመት ዶሮዎቹ ወረሷት።

ያማሃ ኤጂ 100 ናት። ስትሠራም ለእርሻ ተብላ ነው፦ በግራም በቀኝም መቆሚያ አላት፣ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ፣ ሰንሰለቷ ደግሞ ከጭቃ እንዲድን ዙሪያውን የተሸፈነ። ታንከሯን የዶሮ ኩስ በልቶታል። የሰንሰለቱን ሽፋን ስፈታ ግን ግራሱ አልደረቀም፤ ጣቴን ባሳልፍበት ጥቁር ሆኖ ወጣ። ያን ጊዜ ነው ይቺን ነገር አስነሣታለሁ ያልኩት።

ቤታችን ሱሉልታ ነው። «ጋራዥ» የምለው ግቢው ጥግ ላይ በቆርቆሮ የከደንኳትን ጎጆ ነው፤ ባለቤቴ የልብስ ማስጫ ገመዷን አንዱን ጫፍ ከቋሚዋ ላይ አስራዋለች። ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ነበር። ናፍጣ ሞልቼበት ሳምንት ተውኩት፣ በእንጨት መታ መታ ሳደርገው ለቀቀ። ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት አስፍቼ፣ ከፍ ያለ ቁጥር ፒስቶንና ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ሱማሌ ተራ ሦስት ቅዳሜ ተመላልሼ አገኘሁ። (ሞተሯ የጃፓን፣ የመካኒኩ አፍ የጣልያን፦ ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ፣ ማርሹን ከሞተሩ የሚለየው ፍሪሲዮን፣ ጭስ ማውጫው ማርሚታ። አምስት ዓመት ተቀምጠው ሄዱ፣ ጋራዡን ግን እስከ ዛሬ አለቀቁም።)

ጥር ላይ ተነሣች። አጨሰችም። ሁለት ምት ሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር ስለሚያቃጥል ትንሽ ማጨሱ ወጉ ነው፤ ይሄ ግን ግቢውን ሞላው። ባለቤቴ ምንም ሳትለኝ አንሶላዎቹን ሰብስባ ገባች። በማግስቱ ገመዱ ወደ ግቢው ማዶ ዞሯል።

እኔ ማንበብ ስለምወድ መልሱ በእጄ ነበር። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ግን አየሩ ሳሳ ብሎ ቤንዚኑን በልኩ አይቀንስም፤ ቤንዚን ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ካንዴላውን ነቀልኩ፤ ጥቁር። በቃ፣ አልኩ። ቤንዚን የሚያልፍባትን የነሐስ ጄት አነስ ባለች ቀየርኩ። አጨሰች። ደግሞ አሳነስኩ። አሁንም አጨሰች። ሦስት ጊዜ! ካንዴላውን በያዝኩ ቁጥር ጣቴ በቅባት ይርስ ነበር። ጥላሸት ደረቅ ነው፤ የኔ ግን እርጥብ ነበር። አይኔ ቀለሙን እንጂ እርጥበቱን አላየም።

ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጭሱን አይተው በእግረ መንገዳቸው ገቡ። ወደ ካርቡሬተሩ ዞር ብለው እንኳ አላዩም።

«የካምቢዮ ዘይት መቼ ሞላህ?»

«ከወር በፊት ነው፣ ጋሼ።»

«እስቲ አፍስሰው።»

ካምቢዮ የማርሹ ሳጥን ነው፤ ካስገባሁት ዘይት ግማሹ ብቻ ወጣ። ጎንበስ ብለው ሲሚንቶውን በእጃቸው ዳበሱት፤ አንድ ጠብታ የለም።

«መሬት ካልጠጣው፣ ልጄ፣ ማን ጠጣው?»

ሁለት ምት ሞተር ውስጥ ቤንዚኑና አየሩ መጀመሪያ የሚገቡት ከፒስቶኑ ሥር ነው። ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከሥሩ ይስባል። ፒስቶኑ የሚያዞረው ዘንግ አንድ ጫፉ ፍሪሲዮኑ ጋ ይገባል፤ እዚያ ያለውን ዘይት የሚያግደው አንድ የጎማ ቀለበት፣ ኦይል ሲል፣ ብቻ ነው። እሱ ከደረቀ ሞተሩ የራሱን የካምቢዮ ዘይት እየሳበ ያቃጥላል። የፍሪሲዮኑን ጎን ፈትቼ ሲሉን አወጣሁት። ጎማ መታጠፍ ነበረበት፤ በጣቴ ጫን ስለው እንደ ዳቦ ቆሎ ተሰበረ። ላይ ላዩን ሁሉ ሳድስ ይህን የተውኩት «ደህና ይመስላል» ብዬ ነው። ዋጋው ከሦስት ማኪያቶ አይበልጥም።

የአየሩ መሳሳት ውሸት አይደለም፤ የመጀመሪያዋን አነስተኛ ጄት መልሼባታለሁ። ሌሎቹን ሁለቱን አወጣኋቸው፤ ቤንዚን ያጠረው ሁለት ምት ሞተር ይግልና ፒስቶኑ መልሶ ይጣበቃል። ጋሼ ባይደርሱልኝ በራሴ እጅ ወደ ዶሮ ቤቷ ልመልሳት ነበር።

ወደ እንጦጦ በኩል አልወጣባትም፤ ከ2011 ሰኔ ማብቂያ የሞተር እገዳ ወዲህ አዲስ አበባ ለሞተር እንደ ድሮዋ አይደለችም። ጫንጮ ድረስ ግን ሄጄ ተመልሻለሁ። አጎቴ ስደውልለት መጀመሪያ የጠየቀኝ እንቁላሉን ነው።

ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ዘይቱ ከልኩ ፈቅ አላለም። ትናንት ከሥራ ስመለስ ገመዱ ተመልሶ ከጋራዧ ቋሚ ላይ ታስሯል። በሩን ለመክፈት እርጥብ አንሶላ ገለጥ አድርጌ መግባት ነበረብኝ።