ኖራው እስኪደርቅ

ዛሬ ከሰዓት ዝናቡ ሲያባራ ከፒያሳ ወደ ስድስት ኪሎ በእግሬ ወጣሁ። ክረምት ሲገባ ያስጨንቀኛል። ሥራዬ ነው።

አርክቴክት ነኝ። ሙዚየም አስገነባለሁ፣ አስጠግናለሁ። ሰው ቀኑን ሙሉ ፕላን የምስል ይመስለዋል። ጊዜዬን የሚበላው ግን ስብሰባ፣ የክፍያ ወረቀትና ጣሪያ ላይ ወጥቶ አሸንዳ ማየት ነው።

ሙዚየም እንዲሆን ያስጠገንኩትን የመጀመሪያውን ቤት አልረሳውም። ፒያሳ አካባቢ ነበር። ታቹ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨትና ምርጊት። የምረቃው ቀን ተቆርጧል። ቶሎ እንዲያልቅ ግድግዳው በሲሚንቶ ይለሰን ተባለ፤ እኔም ፈረምኩ። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ይሄ ቤት እኮ ይታፈናል» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» አልኳቸው። ሥራውን ግን አላስቆምኩም።

ክረምቱ ገባ። ጭቃና ኖራ የጠጡትን እርጥበት መልሰው ያወጣሉ። ሲሚንቶ ግን ውስጥ ያምቀዋል። ቀለሙ ተላጠ፣ ማገሩ መበስበስ ጀመረ፣ ክፍሉ ሻጋታ ሻጋታ ሸተተ። የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዋ የእርጥበት መለኪያዋን ይዛ መጣች። የክፍሉ አየር እርጥበት ከ65 በመቶ ካለፈ ብራና ሊሻግት ይችላል። «እዚህማ አላስገባም» አለች። ልክ ነበረች። ልስኑን በመሮ አስፈቅፍቀን እንደገና በኖራ ሠራነው። ጋሼን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ኖራውን እንዴት እንደሚያቦኩት ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።

ስድስት ኪሎ ስደርስ ገነተ ልዑል ገባሁ። ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠ ቤተ መንግሥት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤታቸው ዛሬም ይታያል። እንዲህ ያለውን ቤት እወደዋለሁ፤ እፈራዋለሁም። ሰው እንዲኖርበት ተሠርቶ ነው ሙዚየም የሆነው። መኖሪያ ቤት ፀሐይ ይፈልጋል። ብራናና ጥልፍ ግን ከ50 ሉክስ በላይ ብርሃን ባያገኛቸው ይመረጣል። መስኮቱን ስትደፍነው ቤቱ ይሞታል፣ ስትከፍተው ቀሚሱ ይነጣል። እኔ መጋረጃና ማጣሪያ ላይ ሰዓታት እከራከራለሁ። ጎብኚው ግን መጋረጃውን ልብ አይለውም። እንዳይለውም ነው የምለፋው።

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለን። አሁን የያዝነው ቤት ለመስከረም ይመረቅ ይላሉ። ታኅሣሥ ይሁን ልላቸው ነው። ጠዋት ግድግዳውን በእጄ ደገፍኩት። መዳፌ ረጥቦ ተመለሰ።